አስቸኳይ፦ ባለቤቴ ፖሊስ ነው፣ ሥራ ላይ በተፈጠረ ነገር ታስሯል፤ ማኅበሩ ጠበቃ ያቆምለታል ወይ?

ወለተ ጣና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ባለቤቴ ሳጅን ነው። ትናንት ባጃጅ ተራው ላይ ጠብ ተነሥቶ ሊገላግሉ ሄዱ፤ በግርግሩ አንድ ልጅ ወድቆ እጁ ተሰበረ። "ሳጅኑ ደብድቦኝ ነው" ብሎ አመለከተና ማታ ላይ ባለቤቴን ያዙት። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ቤታቸው ናቸው። ከደመወዙ በየወሩ ለማኅበር ይቆረጣል፣ ከተቀጠረ ጀምሮ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ "የፖሊስ ማኅበር አባል ከሆነ ጠበቃውን የሚከፍለው ማኅበሩ ነው" አለኝ። ታዲያ ማመልከቻውን ለማን ነው የምሰጠው? አንድ ጠበቃ አነጋግሬ የጠራልኝ ብር ከአቅሜ በላይ ነው። ልጆቹን አባታችሁ ስምሪት ወጥቷል ብያቸዋለሁ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
እግዜር ያውጣው እህቴ። የክልል ፖሊስ ነው ወይስ የፌዴራል? ነገ የሚቀርበው ክስ ተመሥርቶበት ነው ወይስ ለጊዜ ቀጠሮ? ቃሉን ሰጥቷል? እነዚህን ሳትነግሪን የሚመልስልሽ ሁሉ በግምት ነው የሚመልስልሽ።

ቸርነቱ ብዙ፦
ተከላካይ ጠበቃ ጠይቂ። መንግሥት በነፃ ያቆምለታል። ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። በዚህ ሙያ ዕድሜዬን ነው የጨረስኩት። እኛ በ1966 ስንቀጠር መጀመሪያ የተነገረን ዱላ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እንዳልሆነ ነው። ጠብ ስትገላግል መሀል አትገባም፤ ዙሪያውን ትከባለህ፣ የሚጮኸውን ሳይሆን ዝም ብሎ የቆመውን ታያለህ፣ እጅ ትይዛለህ እንጂ አትጠመዝዝም። የዛሬ ልጆች ስልጠናው አጠረባቸው እንጂ ልባቸው ክፉ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ፖሊስን ሜዳ ላይ አልጣለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 68 በሕግ በተፈቀደ ልክ የተፈጸመ የመንግሥት ግዴታ ወንጀል አይደለም ይላል፤ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ነው፣ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ነገሩ ሁሉ ያለው "ልክ" የምትለው ላይ ነው። እኔ ወጣት ሆኜ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ አንድ የገበያ ጠብ…

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ሃምሳ አለቃ፣ ሴትዮዋ ነገ 3 ሰዓት ነው ያለችው፤ እርስዎ ገና ከ1966 አልወጡም! ስለ ደብረ ማርቆሱ ሌላ ቀን ቡና አፍልተን እንሰማለን።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
እሺ ልጄ፣ አሳጥራለሁ። የስምሪት መዝገቡን አትርሱ ማለቴ ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ የተላከው በማን ትእዛዝ እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው። ትእዛዝ ሰጪው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ ነገ ሁሉም "እኔ አላክሁትም" ይላል።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ አንድ ነገር ልናገር፣ አትቆጡኝ። እኛ ተራ ላይ ነው የምንውለው። የተሰበረው ልጅስ? ያ ልጅ እስኪድን አይነዳም፤ ባጃጁም የራሱ አይደለም፣ ለባለንብረቱ በቀን የሚያስገባው ሒሳብ አለበት። ለሱስ ማን ጠበቃ ያቆምለታል? ፖሊሱ ማኅበር አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ጓደኞች አሉት። ጥያቄው "ፖሊሱን ማን ያድነዋል" ብቻ ሲሆን ልቤ አይቀበለውም።

ወለተ ጣና፦
ወንድሜ ልክ ነህ። ለልጁም አዝናለሁ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቀው ስል ቤተሰቡ አላስገባ አሉኝ። ግን ባለቤቴ አልመታሁትም ነው የሚለው። የክልል ፖሊስ ነው። ነገ ለጊዜ ቀጠሮ ነው ብለውኛል። ቃሉን ሰጥቷል መሰለኝ፣ ለአለቃውም የጻፈው ነገር አለ።

ከሚኒሶታ፦
የአጎትሽ ልጅ ያለሽ ውሸት አይደለም፣ ግን የዚህ አገር ነገር ነው። እዚህ ፖሊሶች የራሳቸው ማኅበራት አሏቸው፤ ትልቁ ፍራተርናል ኦርደር ኦፍ ፖሊስ የሚባለው በ1915 እንደ ፈረንጆቹ ፒትስበርግ ላይ የተመሠረተ ነው። አባሉ ለሕግ መከላከያ ፈንድ መዋጮ ይከፍላል። ሥራ ላይ ሳለ አንድ ነገር ሲፈጠር ይደውላል፣ ጠበቃው ቃል ከመስጠቱ በፊት ይደርስለታል። እንደ መዋጮው ዓይነት የዲሲፕሊኑን፣ የወንጀሉን፣ የፍትሐ ብሔሩንም ይሸፍንለታል። ከሥራው ጋር ላልተያያዘ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉለትም። ሌላም አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1967ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የጋሪቲ ውሳኔ ወዲህ አለቃው "ካልተናገርክ ትባረራለህ" ብሎ ያስገደደውን ቃል ወንጀል ክስ ላይ ሊያቀርቡበት አይችሉም። ይህን የምጽፈው የዚህን አገር ነገር እዚያ ይዘሽ ሄደሽ በር ላይ እንዳትመለሺ ነው። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ማኅበር መኖሩን የሚነግርሽ ሰው ካለ በጽሑፍ ያሳይሽ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ቆይ እህቴ፣ የደመወዝ ስሊፑ አጠገብሽ ነው? ተቆራጭ የሚለው ስር ምን ተብሎ ነው የተጻፈው? በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ "የማኅበር" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የቁጠባና ብድሩን ነው። አንዳንዱ ደግሞ የእድር ነው።

ቸርነቱ ብዙ፦
ተከላካይ ጠበቃ ብላችኋለሁ። ነፃ ነው። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ወለተ ጣና፦
አየሁት። ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ 7 በመቶ፣ ከዚያ "ገ/ቁ/ብ/ኅ/ሥ/ማ" ይላል፣ ከሱ ስር "እድር"። ሌላ የለም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
በቃ። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ጠበቃ የሚያቆም ማኅበር አይደለም፣ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ይህን ያህል ዓመት ከቆጠበ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ በሱ መነሻነት መበደርም ይችላል። ብዙዎቹ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ለእንዲህ ያለ ችግር የአስቸኳይ ብድር አላቸው። ችግሩ ጠያቂው አባሉ ራሱ መሆን አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ ማኅበሩ ቢሮ ሄደሽ ቅጹን ውሰጂ፣ እሱ ባለበት ሆኖ እንዲፈርምበት ይፈቀድልሽ እንደሆነ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠይቂ። የተቆጠበውን መጠን የሚገልጽ ማስረጃም አስጽፊ። እድሩን ደግሞ ዳኛውን አነጋግሪ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ለሞት ብቻ ቢልም አባላት ተሰብስበው ከወሰኑ የሚረዱበት ጊዜ አለ።

የፔዳ ተመራቂ፦
እህቴ፣ ሕግ ነው የተማርኩት፤ ፋይሉን ሳላይ ስለ ጉዳዩ ውጤት አልናገርም። ለነገ ጠዋት የሚጠቅምሽን ብቻ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ማኅበሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 3 የፖሊስ አባላትን ከአዋጁ ውጪ አድርጓቸዋል፤ በዚያ ሕግ የሚቋቋም የሠራተኛ ማኅበር ለፖሊስ የለም። ስለዚህ የማኅበር ጠበቃ የሚለውን ዛሬ ተዪው፣ ቀኑ ይበላሻል።

ተከላካይ ጠበቃ ጠይቂ የሚለው ወንድማችን መብቱን በትክክል ጠቅሷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 5 ነው። ነገር ግን አንቀጽ 20 የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው፣ ያውም ለጠበቃ የሚከፍለው አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ሲኖር። የባለቤትሽ ጉዳይ ገና ምርመራ ላይ ነው። ክስ ከተመሠረተ የተከላካይ ጠበቆችን ቢሮ በፍርድ ቤቱ በኩል ጠይቁ፤ ነገ ጠዋት ግን ተመድቦ ይጠብቀኛል ብለሽ አትሂጂ።

የተያዘ ሰው መብት አንቀጽ 19 ላይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ማታ ተይዞ ነገ 3 ሰዓት ከቀረበ በጊዜው ነው፣ በዚህ ላይ ጉልበት አትጨርሱ። ያለመናገር መብት አለው። ቃሉን ከሰጠ ሰጥቷል፤ ከአሁን በኋላ ግን ጠበቃ ሳያማክር ተጨማሪ ቃል እንዳይሰጥ፣ ለአለቃም ሌላ ሪፖርት እንዳይጽፍ ንገሪው። ለአለቃው የጻፈው ወረቀት የምርመራ መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላልና፣ በትክክል ምን እንደጻፈ አስታውሶ ይንገርሽ። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል፤ በር ላይ ካቆሙሽ ይህን በትሕትና አንሺ።

ነገ የሚሆነው ይህ ነው። መርማሪው "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ብሎ ቀናት ይጠይቃል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ያነሰም ሊሰጥ ይችላል። ባለቤትሽ ዋስትና ይጠይቅ። መርማሪው ሊቃወም የሚችለው በአንቀጽ 67 ነው፤ "ፖሊስ ስለሆነ ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል" ይላል። ለዚያ መልስ ይዛችሁ ግቡ፦ የሕክምና ማስረጃው ሆስፒታል ነው ያለው፣ የስምሪት መዝገቡ በጣቢያው እጅ ነው፣ እሱ ሊነካቸው አይችልም። ቋሚ አድራሻ፣ ሥራና ቤተሰብ አለው። ተጎጂውንና ምስክሮችን አላገኝም ብሎ ግዴታ እንደሚገባ ራሱ ለዳኛው ይናገር። አንድ ጊዜ ተረጋግቶ ቢናገረው ይበቃል።

ለነገ መታወቂያሽን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ ስሊፑን፣ ከተቻለ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያዢ። ደመወዝተኛ ዋስ ሊሆንለት የሚችል ሰው ካለ ደመወዙ በሌላ ዋስትና አለመያዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ዛሬ ያውጣ። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ ፍርድ ቤቱ ግቢ ስትደርሺ ጠይቂ፣ ቢያንስ ማመልከቻውን በአግባቡ ይጽፉልሻል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ዋስትና ቢከለከልስ?

የፔዳ ተመራቂ፦
በዚያው በሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 75 ይግባኝ አለ፣ በ20 ቀን ውስጥ። ግን ሃያ ቀን አትጠብቁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ አላረዝምም። እነዚያን አብረውት የነበሩትን ሁለቱን ዛሬ ማታ አታናግሪያቸው። ነገ "ሚስቱ ምስክር አባበለች" ይሉሻል። በመከላከያ ምስክርነት ስማቸውን በጠበቃው በኩል ስጡ። ዲሲፕሊኑ ደግሞ ለብቻው ነው የሚሄደው፤ ወንጀሉ ላይ ነፃ ቢወጣም ጣቢያው የራሱን ምርመራ ሊቀጥል ይችላል። የዲሲፕሊን ክስ ወረቀት ሲሰጠው ቀኑን ይጻፍበት፣ ቅጂውን ቤት አስቀምጪ።

ባለ ባጃጁ፦
የኔን ጥያቄ የመለሰ የለም።

የፔዳ ተመራቂ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ልጁ የወንጀሉን ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ ይተዋል፣ ለሱ ጠበቃ መቅጠር የለበትም። ካሣውን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ያጠፋው ጥፋት የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፣ መንግሥት ደግሞ ኋላ ወደ ሠራተኛው ሊመለስ ይችላል። ያ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ለልጁም ክፍት ነው። የሆስፒታል ካርዱን፣ የራጅ ፊልሙንና የመድኃኒት ደረሰኙን እንዳይጥል ንገረው፤ ለባለንብረቱ የሚያስገባውን የቀን ሒሳብ የሚመሰክርለት ሰውም ይያዝ።

ባለ ባጃጁ፦
ይህን ለወንድሙ አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ። እህቴ፣ አንድ ነገር ላንቺም፤ ከተራው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ካሜራ አለው። ወደ መንገዱ ነው የሚያየው። ቶሎ ካልተያዘ በላዩ ይቀረጽበታል ይባላል። አንቺ አትሂጂ፤ ጠበቃው ወይም ባለቤትሽ ነገ ለዳኛው "ይህ ምስል ተይዞ ይቅረብልኝ" ይበል። ልጁንም ይጠቅመዋል፣ ባለቤትሽንም። የሆነው ነገር ይታይ።

የፔዳ ተመራቂ፦
ከሁላችን መልስ ይህ ይበልጣል። በማመልከቻው ውስጥ የሱቁን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ፣ ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ቸርነቱ ብዙ፦
ተከላካይ ጠበቃውንም አትርሺ፣ ክስ ሲመጣ።

ወለተ ጣና፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወደ ቁጠባ ቢሮው እየሄድኩ ነው፣ ሳይዘጋ። ስለ ካሜራው ለባለቤቴ ወንድም ነግሬዋለሁ፣ ነገ እሱ አብሮኝ ይገባል።

ከሚኒሶታ፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ዋስትናው ተፈቀደ?

የቀበሌ 14 ልጅ፦
ያያት አለ? እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ፍርድ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፣ አላገኘኋትም።

የጎርጎራ ሰው፦
ይቅርታ በሰው ጉዳይ ገባሁ። ወንድሜ ሚሊሻ ነው፤ እሱም በሥራ ላይ በተፈጠረ ነገር ተይዟል። ደመወዝ የለውም፣ የሚቆረጥለት ማኅበርም የለም። የጻፋችሁት ለሱ ይሠራል?

የፔዳ ተመራቂ፦
አንቀጽ 19ና የዋስትናው ነገር ለማንኛውም የተያዘ ሰው ነው፣ ለሱም ይሠራል። የደመወዝ ዋስ ባይኖረው የሰው ወይም የንብረት ዋስ ሊጠየቅ ይችላል። መቼ እንደተያዘ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሆነና ያሰማራው ማን እንደሆነ ጻፍልን፤ ያሰማራው ትእዛዝ በጽሑፍ ከሌለ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ያዝ።