ለስላሳና ችፕስ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የወላጅ ኮሚቴ፦ ግቢያችን ያለው ሱቅ ለስላሳ፣ ችፕስና ቦምቦሊኖ መሸጥ ያቁም የሚል ሐሳብ መጥቷል። ማወፈሩ ብቻ ሳይሆን «የልጆቹን ጭንቅላት ያደነዝዛል» ተብሏል። ምን ትላላችሁ?

ባለሱቁ፦ ኧረ ተዉን! እኛ በቦምቦሊኖ አይደል እንዴ ያደግነው? አያቴ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር እየጠጡ እስከ ዘጠና ዓመታቸው የመንደሩን ዕዳ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ አያትህ ገበያ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። 110 ጤነኛ፣ ቀጫጭን ወጣቶች ወስደው ገሚሶቹን አንድ ሳምንት ዋፍልና ፋስት ፉድ አበሏቸው። የማስታወስ ፈተና ላይ ወረዱ፣ ይባስ ብሎ ጠግበውም ጣፋጭ ሲያዩ ያምራቸው ጀመር። ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ትዝታም ይይዛል፣ «በቃህ» በማለትም ያግዛል። ልብ በል፣ ወፍራሞች አልነበሩም።

ተጠራጣሪው፦ መጨረሻውን ዘለልሽው እኮ። ወደ ድሮ ምግባቸው ተመልሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ደህና ነበሩ። ደግሞ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣቶች እንጂ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አይደሉም።

ነርሷ፦ ደህና መሆናቸው እሰየው ነው። ግን የበሉት አንድ ሳምንት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውስ? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በዚያው በ2020 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ልንከላከላቸውም እንችላለን ካላቸው 12 ነገሮች አንዱ በጎልማሳነት የሚመጣ ውፍረት ነው። ውፍረት የስኳር በሽታና ደም ግፊት ያስከትላል፣ እነሱ ደግሞ የአንጎልን የደም ሥር ይጎዳሉ።

ተጠራጣሪው፦ ይሁን። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ወፍራም ነበርኩ፣ ክፍል ውስጥ «ድብልብል» እያሉ ያስለቅሱኝ ነበር። አሁን ደግሞ «ጭንቅላቱም ደንዝዟል» ልትጨምሩበት ነው? ሱቁን ከፈለጋችሁ ዝጉት፣ ግን በዚህ ሰበብ አይሁን።

የሁለት ልጆች እናት፦ የኔ ጣጣ ሌላ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ ምሳ ዕቃ እሞላለሁ፣ ልጄ ሽሮውን እንዳለ ይመልስልኛል፣ ለስላሳ ሞልቶታላ። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ስኳር አለው፣ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ። ሻይ ላይ ይህን ብጨምርለት ጎረቤት አይሰበሰብብኝም?

ባለሱቁ፦ እኔን ብታስወጡኝ በሩ ላይ ያለችው ጉሊት ትሸጥላቸዋለች።

የወላጅ ኮሚቴ፦ ምክንያቱን «ልጆቹ ምሳቸውን ስለሚተዉ» ብዬ ላስመዝግብ? ባለሱቁ፣ ሙዝና ቆሎ ብትይዝስ?

ባለሱቁ፦ ሙዝ ሁለት ቀን ካደረ ይጠቁራል፣ ኪሳራውን ማን ይችለዋል? ቆሎ እሺ።