ለሴት ልጆች የሳይንስ ክበብ፦ ቤተ ሙከራ በሌለበት በምን እንጀምር?

ጠያቂ (የማራኪዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ለሚማሩ 24 ሴት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክበብ ልንከፍት ነው። ያለን አንድ አዳራሽ፣ ስምንት ጠረጴዛና ትንሽ መዋጮ ነው። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ በእጃቸው እንዲሠሩ እንጂ ተቀምጠው እንዲሰሙ አንፈልግም። በምን እንጀምር? ምንስ ይበላሽብናል?

ባለሽቦው፦
በመብራት ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዷ ልጅ በገዛ እጇ አንድ ነገር ማብራት አለባት። ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፤ አራት ከሆኑ አንዷ ተመልካች ትሆናለች።

ለአንድ ጠረጴዛ፦ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ሦስት ቀይና አንድ ነጭ ኤልኢዲ (ባለ ሁለት እግር ትንሽ መብራት)፣ ሦስት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ቁራጭ)፣ አንድ ሜትር ሽቦ፣ ፕላስተር። ድንጋዮቹ ተከታትለው ሲገናኙ 3 ቮልት ይሆናሉ። ቀዩ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ የቀረው ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል፤ የሚያልፈው 10 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፣ ለዓይን በቂ ነው።

አልበራም ሲሉ መጀመሪያ የኤልኢዲውን እግር እዩ፤ ረጅሙ ወደ ፕላስ ነው። ቀጥሎ ሽቦውን። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ሽቦ ባዶ መዳብ ይመስላል እንጂ በቫርኒሽ የተለበጠ ነው፤ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አያስተላልፍም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አይኑር፤ ያለ ሬዚስተር ከነካው ኤልኢዲው ወዲያው ይቃጠላል።

መጨረሻ ላይ ቀዩንና ነጩን ጎን ለጎን በአንድ ሬዚስተር ያገናኙ። ቀዩ ብቻ ይበራል። ነጩ ተበላሽቶ አይደለም፤ እሱ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፣ ቀዩ ግን ቮልቴጁን 2 አካባቢ ይዞ ያስቀረዋል። ድንጋዩ አዲስ ከሆነ ቀዩን ሲነቅሉት ነጩ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። መልሱን አትንገሯቸው፤ ይንቀሉና ይዩት።

እርሾ፦
ለሁለተኛው ሳምንት የዳቦ እርሾ በጣም ጥሩ ነው። ሦስት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፤ በእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ ብርጭቆ ውኃ። አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ በጣም የሞቀ፤ የሞቀውን አስተባባሪዋ ትቅዳ። አፋቸው ላይ ፊኛ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የለብታው ይነፋል፣ የሞቀው እርሾ ስለሞተ ዝም ይላል። አዲስ ፊኛ ግትር ነው፤ አስቀድመው ሁለቴ ካልነፉት እርሾው የሚያወጣው ጋዝ አያነሣውም። ከመጀመራቸው በፊት የትኛው እንደሚነፋ ግምታቸውን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ጥላ_ቆጣሪ፦
እርሾው ጥሩ ነው፣ ግን ሴት ልጆች ስለሆኑ ብቻ ሁሉም ሳምንት ማድቤት ውስጥ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ሰማዩንም ስጧቸው።

ጎንደር 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ታልፋለች፦ ሚያዝያ 15 ገደማና ነሐሴ 13 ገደማ፣ በቡሄ። ነሐሴ ደመና ነው፣ የሚያዝያውን ያዙ። 1 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ክፍት ግቢ ላይ አቁሙ፤ ከ6:00 እስከ 7:00 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት ያድርጉ። 6:28 ገደማ ጥላው ይጠፋል። ለምን 6:00 ላይ አልሆነም? ሰዓታችን የተቆረጠው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ እኛ 37.5 ላይ ነን፤ ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ስለምትፈጅ ግማሽ ሰዓት ትዘገይብናለች።

በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ያለች ዘመድ 6:23 ላይ የ1 ሜትር ዱላ ጥላ ለክታ ትደውል። 6.2 ሴንቲ ሜትር ብትል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ቀጥታ ያለውን 395 ኪሎ ሜትር ለ0.062 (ጥላው ለዱላው ሲካፈል) ያካፍሉ፦ 6,371 ኪሎ ሜትር። የምድር ሬዲየስ (ከመሃሏ እስከ ገጿ ያለው ርቀት) ነው! እኛ ጋ ጥላ ስለሌለ፣ የእሷ ጥላ ለዱላው ያለው ድርሻ ርቀቱ ለሬዲየሱ ካለው ድርሻ ጋር እኩል ነው። እዚህ ላይ ስህተት ውድ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ብትስት መልሱ 100 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። ስለዚህ ዱላው በዓይን ሳይሆን በቱምቢ ይቁም፤ ክርና ድንጋይ ይበቃል። የጥላው ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚደበዝዝ መካከሉን ይያዙ።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ወንዶችም እንግባ እያሉ ነው፣ ምን ይሻላል?

እርሾ፦
የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ለሴቶቹ ብቻ አድርጉት። ሲደባለቁ ሽቦው በወንዶቹ እጅ፣ ደብተሩ በሴቶቹ እጅ ይሆናል። በሴቶቹም መካከል ቢሆን ሥራውን በየ15 ደቂቃው አዙሩ፦ ሠሪ፣ ለኪ፣ ጸሐፊ። አስተባባሪ ያልተጠየቀችውን እጇን አታስገባ።

ሰዓቱን ግን ቀይሩት። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ቤት ይጠበቃሉ ወይም ታናናሾቻቸውን ይይዛሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከ5:30 እስከ 7:30 ይሁን፤ የጥላውም ሰዓት እዚያው ውስጥ ይወድቃል። እናቶችን በመጀመሪያው ቀን ጥሯቸው፣ ኤልኢዲውንም እነሱው ያብሩ።