ለባለ .50 ባልጩት ጠመንጃ 2ኤፍ ወይስ 3ኤፍ ባሩድ?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚለኮስ ባለ .50 ካሊበር ጠመንጃ አለኝ። የማጎርሰው 70 ግሬይን (የባሩድ መለኪያ) 2ኤፍ ጥቁር ባሩድ ነው (የኤፍ ቁጥሩ የፍሬውን ድቀት ያሳያል)፤ ጥይቱ .490 ኢንች ክብ እርሳስ፣ መጠቅለያ ጨርቁ .015 ኢንች። ከ4ኛው ተኩስ በኋላ ጥይቱ በመጠቅጠቂያ ዘንጉ ሲገፋ አልወርድ ይላል። ወደ 3ኤፍ ልቀይር? ከበርሜሉ ጎን ባለው ትንሽ ሳህን ላይ ለሚፈሰው የመለኮሻ ባሩድስ የግድ 4ኤፍ ያስፈልጋል? ባለ .44 የካፕ (በመዶሻው ሲመታ በሚፈነዳ ትንሽ ቆብ የሚለኮስ) ሽጉጥም ስላለኝ፣ አንድ ዓይነት ባሩድ ለሁሉም ቢሆን ይቀለኛል።

መልስ 1

3ኤፍ ለሁሉም ይሆንሃል። ግን መጠኑን ሳትቀንስ እንዳትቀይር! የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ፍሬው ይደቅቃል፤ ትልቁ የ2ኤፍ ፍሬ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ3ኤፍ 0.85 አካባቢ ነው። ደቃቅ ፍሬ እሳት የሚያገኘው ገጽ ስለሚበዛ ቶሎ ይነዳል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንስ። ያንተ 70 ወደ 60 ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ በ5 ግሬይን እየጨመርክ፣ በየመጠኑ 5 ጥይት ተኩሰህ በየትኛው መጠን ዒላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንደሚሰበሰቡ እይ። የጠመንጃው ሠሪ ከጻፈው ጣሪያ ግን አትለፍ።

በተለምዶ 1ኤፍ ለመድፍና በጣም ሰፊ ለሆነ አፈሙዝ፣ 2ኤፍ ከ.50 ወደ ላይ፣ 3ኤፍ ከ.45 ወደ ታችና ለሽጉጥ ነው። .50 ድንበሩ ላይ ስላለ ሁለቱንም ይቀበላል። ለ.44 ሽጉጥህ በ25 ግሬይን ጀምር።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ይህ ሁሉ በስፍር እንጂ በሚዛን አይደለም፤ ምትክ ባሩዶችም (በጥቁር ባሩድ ፈንታ የሚሠሩት) የሚሰፈሩት በዚያው የጥቁር ባሩድ መስፈሪያ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ (የዘመናዊ ጥይት ባሩድ) ግን በቁንጥርም ቢሆን አይገባም። በርሜሉን ይበጣጥሰዋል።

መልስ 2

ስለ መጣበቁ፦ 3ኤፍ ጥላሸቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ከጥቁር ባሩድ ክብደት ከግማሽ በላዩ ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ሆኖ ነው የሚቀረው። በየተኩሱ መሀል በጥቂቱ ብቻ የረጠበ አንድ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ አንድ ደረቅ አስገባ። ጨርቁ ውኃ ከጠጣ ዝቃጩ ወደ ታች ወርዶ የእሳት ቀዳዳውን (ብልጭታው ከሳህኑ ወደ በርሜሉ የሚገባበትን) ይደፍናል።

ይህን የምለው ለዒላማ ብቻ አይደለም። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ መሀል ላይ ከቀረ፣ ክፍተቱ በርሜሉን ሊያሳብጥ ወይም ሊያፈነዳ ይችላል። ጠመንጃው ንጹሕ ሳለ፣ ጥይቱ ባሩዱ ላይ አርፎ፣ ዘንጉ ላይ በአፈሙዙ ልክ መስመር አስምር፤ መስመሩ አፈሙዙ ጋ ካልደረሰ አትተኩስ።

የተተኮሰውን የጥይት መጠቅለያ ጨርቅም ፊት ለፊት ፈልገህ አንሳው። መሀሉ ጠቁሮ ዙሪያው ደህና ከሆነ ጥሩ ነው። ከተቃጠለ ወይም ከተቀደደ ጨርቁ ስስ ነው፣ ቅባት አንሶታል፣ ወይም ባሩዱ በዝቷል።

መልስ 3

ስለ መለኮሻው ልጨምር። 4ኤፍ ትንሽ ይፈጥናል፤ 3ኤፍም ግን በደንብ ይሠራል። ዋናው አሞላሉ ነው፦ ሳህኑን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ሙላ፣ ቀዳዳውን አትሸፍን። ከሸፈንከው ባሩዱ እንደ ክር እየተቃጠለ ስለሚገባ ተኩሱ ይዘገያል፤ የሚያስፈልግህ ብልጭታው በቀዳዳው ዘሎ መግባቱ ነው። 4ኤፍ ከገዛህም ለመለኮሻ ብቻ ይሁን፣ በርሜል ውስጥ አይጎርስ። 2ኤፍ ወቅጠህ ለማድቀቅ ፈጽሞ አትሞክር።

ብዙዎቹ ምትክ ባሩዶች ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ ለባልጩት አይሆኑም፤ ይከሽፋሉ።

ከባሩድ መያዣው በቀጥታ ወደ በርሜሉ አትገልብጥ፤ ፍም ቀርቶ ከሆነ መያዣው በእጅህ ላይ ይነዳል። መጀመሪያ መስፈሪያ ላይ፣ ከዚያ ወደ አፈሙዙ። ከከሸፈብህ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠርክ ቢያንስ 1 ደቂቃ ጠብቅና ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጠርገህ እንደገና ሳህኑን ሙላ።