«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊልም ቢሆን፦ ማን ይጫወተው? ምን ይሰማበት?

ጥያቄ፦ አንባቢ ዘጣና

ሰላም ለዚህ ቤት። የንባብ ክበባችን በወሩ መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ የአንድ ሰዓት ምሽት ያዘጋጃል። ሐሳቡ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር የሁለት ሰዓት ፊልም ቢሆን» የሚል ነው። ሦስት ትዕይንት እየተነበበ፣ ሙዚቃው በቀጥታ እየተሰማ፣ ታዳሚው ተዋናይ ይመርጣል። ስድስት አንባቢ፣ ባለ ስድስት አውታር ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት አለን። በገና ደርዳሪው መድረክ ስለማይመጣ በስልክ ቀድተነዋል።

የቸገረን ይህ ነው፦ ጉዱ ካሳን ማንም ቢያነበው ሰው ይስቃል። ክራሩ ቅኝት ሲቀየር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የተቀዳው በገና ነዘር የሚለው ድምፁ ጠፍቶ እንደ ጊታር ሆኗል። በዛብህ ቅኔ የሚማርበት የዲማው ትዕይንት ላይ ከበሮ እናስገባ ወይስ አናስገባ ተከራክረናል። ፈቃድስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከመጋረጃ ጀርባ

ከመልክ አትነሡ፣ ከድምፅ ተነሡ። ይህን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ተርኮታልና። ታዳሚያችሁ ፊታውራሪ መሸሻን ከማየቱ በፊት ሰምቷቸዋል። ስለዚህ ምርጫውን ጀርባቸውን ለታዳሚው ሰጥተው በሚያነቡ ሰዎች ጀምሩት።

ጉዱ ካሳ የሚያስቀው አንባቢው እብድ ስለሚጫወት ነው። ድምፁን ያቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ እጁን ያወናጭፋል። ካሳ ዳምጤ እኮ የተማረ ሰው ነው። «ጉዱ» ያለው አገሩ ነው እንጂ ራሱን እንደ ጉድ አያይም። መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ንግግሩን ለታዳሚው ሳይሆን አጠገቡ ለቆመው ለበዛብህ ይናገር። ከሌሎቹ ሁሉ ዝግ ብሎ ያንብብ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፁን ያውርድ፤ ወደ ላይ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ቀልድ ይመስላልና። ለፈተና አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አስነብቡት፣ አንዴ ተቆጥቶ፣ አንዴ ለሕፃን እንደሚያስረዳ። ሁለተኛው ላይ የሚያስፈራው ሰው፣ የእናንተ ካሳ እሱ ነው። ለፊልሙ ከሆነ እኔ ግሩም ኤርሚያስን እላለሁ።

ፊታውራሪን የሚለየው ክተቱ አይደለም፣ ከዘመቻ መመለሱ ነው። ገበሬው ግብር በዛብኝ ብሎ ሲያምፅ ሊቀጡት ይዘምታሉ፤ ከዚያ እነ አበጀ በለው ይማርኳቸዋል። ዘመቻውን ማንም ጮሆ ያነበዋል። የተማረከ ኩሩ ሰው የሚሆን ድምፅ ግን ጥቂት ሰው ነው ያለው። ፈቃዱ ተክለማርያም ነፍሱን ይማረውና ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ነበር።

የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን በፎቶ የምትመርጡ ከሆነ ምሽቱ የቁንጅና ውድድር ይሆናል። በኋላ የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ መንገድ የምትወጣ ሴት ናት። ቆብና መቋሚያ ስጧት፣ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ዝም ብላ ትሂድ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ይሄ መነኩሴ ማነው?» ካለ አልፋለች።

መልስ፦ የቆሎ ተማሪ

በበዛብህ ልጀምር። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነውና ዜማ የማይችል ተዋናይ አይሆንም። ካሜራ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ የጎጃምን ጆሮ ግን በከንፈር እንቅስቃሴ አታታልሉትም። አብነት ትምህርት ቤት የገባ ሰው ካላችሁ መልኩ ባይመች እንኳ እሱን አስገቡት።

ከበሮውን ተዉት። ቅኔ ቤት ከበሮ አይመታም፤ ተማሪው የሚሰማው የመምህሩን ድምፅ ነው። ትዕይንቱን በዐቢይ ጾም ካደረጋችሁት ደግሞ ጭራሽ ስሕተት ይሆናል፤ በዚያ ጾም ከበሮም ጸናጽልም ያርፋሉ፣ የሚቀረው መቋሚያ ነው። በየፊልሙ «ቤተ ክርስቲያን» ለማለት ከበሮ የሚደልቁት ወቅቱን ሳያዩ ነው።

የተሻለ ነገር ልንገራችሁ፣ ወጪም የለውም። ትዕይንቱን ከመድረክ ውጪ በሚሰማ «በእንተ ስማ ለማርያም» ክፈቱ። አንድ ልጅ ከበሩ ውጪ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይበል፣ በየመሀሉ አምስት አምስት ሰከንድ ዝምታ ይሁን። ውሻ የሚጮህበት ድምፅ ካገኛችሁ ጨምሩ። ለምድና አኩፋዳ ሳይታይ ሰው የቆሎ ተማሪ መሆኑን ያውቃል።

ቅኔ ካስፈለገ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ዓይነት በቂ ነው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ናት። መወድስ ከሆነ ስምንት ቤት ነው፤ ግእዙን የማይሰማ ታዳሚ ሦስተኛው ላይ ስልኩን ያወጣል። ቅኔዋ ከተዘረፈች (ከተባለች) በኋላ ሰሟን አንዱ አንባቢ፣ ወርቋን ሌላው በአማርኛ ይበላት።

መልስ፦ ባለ ክራር

አምስት ደቂቃ የፈጀባችሁ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ቅኝቱን ስለማይከተል ነው። እንዲህ ብታስኬዱት በየሽግግሩ የሚነኩት ሁለት አውታሮች ብቻ ናቸው።

ትዝታ ሜጀር ላይ ጀምሩ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ስድስተኛው የላይኛው ዶ። ወደ ትዝታ ማይነር ስትሄዱ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይውረዱ። ከዚያ ለፊታውራሪ ዘመቻ ወደ አምባሰል፦ ሬ በግማሽ ይውረድ፣ የወረደው ሚ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሁን። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ፦ ሶል በግማሽ ይውረድ፣ ላ በግማሽ ይውጣ። ሁለቱ ዶዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነኩም። በስልክ ቃኚ (መቃኛ መተግበሪያ) ሽግግሩ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፣ ያን ጊዜ ተራኪው ይሙላው። አውታር ስታወርዱ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ አውርዱና ወደ ላይ መልሱት፤ ቀጥታ ወርዶ የቆመ አውታር ሲመታ ይላላል።

ዋሽንት አይቃኝም፣ ርዝመቱ ነው ድምፁን የሚወስነው። ስለዚህ ክራሩ ለዋሽንቱ ይገዛ፣ ማሲንቆው ለክራሩ። ልጁ አንድ ዋሽንት ብቻ ካለው የትዝታው ላይ ተጠቀሙበትና ከዚያ በኋላ ይረፍ።

አንቺ ሆዬን ለሰብለ መንገድ መውጣት አቆዩት። ሠርግ ሠርግ የሚሸት ቅኝት ነው። አባቷ ባል ሁሉ ከዘሯ አነሰ ብለው ሠርግ ያስቀሩባት ልጅ የመነኩሴ ልብስ ስትለብስ ይሰማ፤ ግን በጣም ዝግ ብሎ፣ ያለ ጭብጨባ።

በገናው፦ ነዘር የሚለው በአውታሩና በመቆሚያው መሀል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። ስልካችሁ ጫጫታ መቀነሻው በርቶ ስለቀዳ እሱን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጥፍቶታል። መቀነሻውን አጥፉ፣ ስልኩን ከመቆሚያው በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ አድርጉ፣ ፍሪጅ የሌለበት ክፍል ውስጥ ቅዱ። አሁንም ከጠፋ ደርዳሪው እንዚራውን ገፋ መለስ ያድርገው። የሚሰማውም የመጨረሻው ሞት ላይ ብቻ ይሁን። ቀድሞ ከተሰማ መቃብሩ ጋ ስትደርሱ ምንም አይቀራችሁም።

መልስ፦ እትዬ አሰለፈች

ልጆቼ፣ ባለ ክራሩ ያለው ሁሉ ደግ ነው፣ በአምባሰሉ ግን አልስማማም። ስሙም ጠረኑም ወሎ ነው። ለፊታውራሪ ዘመቻ ቀረርቶና ፉከራ እያለላችሁ ክራር ምን ያደርጋል? አንዱን ቀረርቶ ሁለት ጊዜ ተጠቀሙበት። ሲወጡ አራት ሰው በሙሉ ድምፅ፣ «ዘራፍ» ሳይቀር። ሲመለሱ ያንኑ ግጥም አንድ ሰው ብቻ፣ ግማሹ ላይ ያቋርጠው። ነጋሪት እንዳታስገቡ፤ ለራስና ለደጃዝማች ነው የሚጎሰመው።

ተራኪውም ሴት ትሁን። ወንድ ከሆነ ወጋየሁን ለመምሰል ይሞክራል፣ ሳይችል ይቀራል፣ ምሽቱም እሱን በማነጻጸር ያልቃል።

መልስ፦ ሕግ ነክ

ፈቃዱን በአጭሩ፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ስለሆነ እስከ 2046 ድረስ ባለመብቶቹ ወራሾቻቸው ናቸው። ደራሲውንና መጽሐፉን ጠቅሶ አጭር ቅንጭብ ማንበብ አያስጠይቅም። ሙሉ ትዕይንት ወደ ቃለ ተውኔት ገልብጦ ለሕዝብ ማቅረብ ግን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ትኬት ከሸጣችሁ ወይም ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁ ደግሞ የባሰ ነው። ደብዳቤው ላይ የትኛው ምዕራፍ፣ ስንት ገጽ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በክፍያ ወይስ በነፃ፣ ይቀዳ ወይስ አይቀዳ ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ያልተጻፈበት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ይከርማል።

ጠያቂው፦ አንባቢ ዘጣና

እግዚአብሔር ይስጥልን። እትዬ እንዳሉት ተራኪዋ ሴት ሆናለች፤ አምባሰሉም ወጥቶ ቀረርቶው ገብቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ አምባሰል ከወጣ ከትዝታ ማይነር ቀጥታ ወደ አንቺ ሆዬ መሄድ ይከብዳል?

መልስ፦ ባለ ክራር

አራት አውታር ይሆንባችኋል፦ ሬ ግማሽ ይወርዳል፣ የወረደው ሚ ሙሉ ይወጣል፣ ሶል ግማሽ ይወርዳል፣ ላ ግማሽ ይወጣል። ግን መሀል ላይ ቀረርቶው አለ አይደል? ያኔ ክራር ስለማይመታ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተህ ቃኝ። ቃኚውን ከክራሩ ጋር የሚያያዘውን ዓይነት አድርገው፤ በማይክ የሚሰማው ቃኚ ፉከራውን ይዞ ያሳስትሃል።