ረዳቱ ልጅ ለጀግናው ብቃቱን የሚያሳይበት ትዕይንት (ድሬዳዋ፣ የ8 ገጽ ኮሚክ)

ከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ላይ የሚካሄድ የ8 ገጽ ኮሚክ እየሠራሁ ነው። ዋናው ሱፐር ሂሮ ይበራል፤ ረዳቱ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ ምንም ኃይል የለውም። ጀግናው "ገና ነህ" እያለ ጥሎት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ልጁ ባቡር ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሌቦችን ደብድቦ ይመሰገናል። አንባቢ አምኖ የሚቀበለው አይመስለኝም። ምን ላስተካክል?

ደንገጎ፦
አቦ፣ ድብድቡን አውጣው! ዱላማ ጀግናውም ያውቅበታል። ለልጁ ጀግናው የሌለውን ስጠው፤ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ይወቅ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰውም ፍየልም ይሻገረዋል። ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ደጋ ላይ ይጥላል፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ናት፤ ተዳፋቱ የተራቆተ ስለሆነ ውኃው ሳይሰርግ ቁልቁል ይንደረደራል። የ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ ያን ያህል ሰው የጨረሰው ሌሊት፣ ሕዝቡ በተኛበት ስለደረሰ ነው። እናም ጀግናው ከበላዩ ኮከብ አይቶ "ሰማዩ ጥርት ብሏል" ይበል፤ ልጁ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል፣ መብረቅ ሲደጋገም ይይ።

ልጁን ጎርፍ ውስጥ አታስዋኘው። ፈጣን ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ሰው ይጥላል፣ 30 ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ድንጋይና ግንድም ይዞ ነው የሚመጣው። ሥራው ውኃው ሳይደርስ ዳር ያሉትን ቤቶች ማስነሳት ነው።

ቀለም፦
በደንገጎ ሐሳብ ከሄድክ፣ ጎርፉን ገጽ 6 ላይ በአንድ ትልቅ ፓነል (የሥዕል ሳጥን) ሣለው። በታተመ መጽሔት ገጽ 1 በቀኝ ስለሚውል፣ አንባቢ ገልጦ የሚያገኘው ተጋማሽ ቁጥር ያለውን ገጽ ነው። ገጽ 5 የመጨረሻ ፓነል ላይ ልጁ የቆርቆሮ በር ሲደበድብ ይታይ፣ ንግግር አይኑር። ሌሎቹ ገጾች ከ4 እስከ 6 ፓነል ይበቃቸዋል። ኤ3 ላይ ሥለህ ወደ ኤ4 የምታሳንስ ከሆነ ፊደሉን ካሳነስክ በኋላ አስገባ። አብሮ ከተጨመቀ ጨ እና ጩ አይለዩም።

ከዚራ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ ጀግናው ያን ሰዓት የት ይሁን?

ደንገጎ፦
እዚያው ከተማ ውስጥ። ሩቅ ከላክኸው ልጁ ሰው ስለጠፋ ብቻ የገባበት ይመስላል። ከፊራ ገበያ ላይ እሳት ይነሳና ጀግናው "ተከተለኝ" ይበለው፣ ልጁ እምቢ ይበል። ይህ ጀግናውን ሞኝ አያደርገውም፤ የሚታይ እሳት ከማይታይ ጎርፍ መቅደሙ ልክ ነው። ደመናው ሌላ አቅጣጫ ከያዘ ልጁ እንደሚባረር ገጽ 3 ላይ አስቀድመህ ተናገር፣ አለዚያ እምቢታው ዋጋ የለውም። መጨረሻ ላይ "ኮራሁብህ" የሚል ዓይነት ምስጋና ካለ ሰርዘው። ጀግናው ሲመለስ "ቀድሞ የሚሞላው የቱ ጋ ነው?" ብሎ ይጠይቀው፣ ልጁ ወዳሳየው ይብረር። ደግሞ ልጁ የድሬ ልጅ ስለሆነ ጀግናውን በ"አንቱ" አታናግርበት፤ "አንተ" ይበለው።