የብርሃን ወጥመድ በዝዋይ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ለካርፕ እጭ ይሠራል?

ጠያቂ (ተማሪ፣ ባቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የምሠራው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። ካርፕ ለሐይቁ መጤ ነው፤ ዛሬ ግን ገበያ ላይ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። የት እንደሚራባ ለማወቅ የምፈልገው እጩን፣ ማለትም ገና የተፈለፈለውን ጫጩት ነው። በጀልባ የሚጎተተው መረብ ፊላው ውስጥ ገና ሳይራመድ በሥርና በቅጠል ይሞላል። አማካሪዬ የብርሃን ወጥመድ፣ ማታ እጩን በመብራት ስቦ የሚይዘውን፣ ሞክር አሉኝ። እኔ ደግሞ እጄን ውሃው ውስጥ ስከት፣ ክርኔ ሳይርስ ጣቶቼ ይጠፉብኛል። እንዲህ ባለ ውሃ መብራት ማንን ይጠራል?

መልስ (የውሃ ሕይወት ባለሙያ)፦
ቅርብ ያለውን ይጠራል፤ ለአንተም የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ወጥመዱን ከፊላው ጥግ አስጠጋው። በየምሽቱ ግን የውሃውን ጥራት በሴኪ ዲስክ (በገመድ ወደ ውሃው እየወረደ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚታይ በሚለካ ሳህን) ለካ። ያለዚያ ጠራ ባለው ቦታ ብዙ ስትይዝ፣ እጩ በዝቶ ይሁን ብርሃኑ ርቆ፣ መለየት አትችልም። ጨረቃ ደምቃ ስትወጣም መብራትህ ይደክማል።

ወጥመዱን ለመሥራት አራት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦዎችን እንደ አበባ ቅጠል አቀናጅ፤ መብራቱ መሐል ይሁን፣ በቱቦዎቹ መካከል የጥቂት ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ይቅር። ስንጥቁን ካሰፋኸው ትንንሽ ዓሣ ገብቶ ናሙናህን እራቱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካርፕ እንቁላሉን ሣር ላይ ይለጥፋል። ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ እጩም የአየር ከረጢቱ እስኪሞላ ሌላ 3 ቀን ያህል ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ያን ጊዜ ፀሐይን ብታወርድለትም አይመጣም። ስለዚህ ወጥመድህ ባዶ ቢወጣ «እዚህ አይራባም» ብለህ እንዳትጽፍ። ቀን ላይ ሣሩን እየነቀልህ ሳህን ላይ አራግፍና በማጉያ መነጽር እይ።

መልስ (ከኢሊኖይ፣ አሜሪካ)፦
እኛ ዘንድ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። የሲልቨር ካርፕ፣ የሌላው የካርፕ ዓይነት፣ እንቁላል ከወንዙ ጋር ይፈስሳል፤ ዋናው ጅረት ላይ የብርሃን ወጥመድ ከንቱ ድካም ነው፣ የምንጠቀመው መረብ ነው። ወጥመዱ የሚያዋጣው ከወንዙ ወጣ ብሎ በተኛ ውሃ ነው። የአንተ ሐይቅ ዳር ለዚህ ይመቻል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እጩን በፎርማሊን ላስቀምጠው?

መልስ (የውሃ ሕይወት ባለሙያ)፦
ቅርጹን ብቻ የምታይ ከሆነ ይሆናል። ዝዋይ ውስጥ ግን ክሩሺያን ካርፕ የሚባል ሌላ መጤ ዓሣም ገብቷል፤ ከሐይቁ ነባር የቢልጫ ወገኖች ጋር ሲደባለቅ በዓይን መለየቱ ያስቸግራል። ካርፕ ከክሩሺያን ካርፕ የሚለየው በአፉ ዳር ባሉት ጢሞች ነው፤ እጩ ላይ ግን ገና አልበቀሉም። ለዘረመል ምርመራ 95 በመቶ አልኮል ተጠቀም፤ በማግስቱም አልኮሉን ቀይረው። ቆሮሶ አያሳስብህ፤ እናቲቱ ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው።

መልስ (ጀልባ ነጂ፣ ባቱ)፦
ስለ ዓሣው እናንተ ታውቃላችሁ። ጉማሬ ግን ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያው በፊላው በኩል ነው፤ ዱካውን ቀን ላይ አይተህ ወጥመድህን ከመንገዱ አርቀው። ማታ መረብ የሚጥሉትን ዓሣ አስጋሪዎችም አስቀድመህ አናግራቸው። ውሃ ላይ መብራት ያየ ሰው ቀርቦ ሳያነሳው አያልፍም።