ያገለገለ ካሊፐርና ማይክሮሜትር ከየት ይገዛል?

ያገለገለ መለኪያ ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስሄድ ኪሴ ውስጥ መፈተሻ የሚሆኑኝ ሁለት ኩሽኔታዎች አይጠፉም። የአንዱ ቁጥር 6204፣ የሌላው 608። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ሻጮቹ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ለምደውኝ «ባለ ኩሽኔታው መጣ» ይላሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። 6204 የውጪ ስፋቱ 47 ሚሊ፣ ቀዳዳው 20 ሚሊ ነው። 608 ደግሞ ውጪው 22፣ ቀዳዳው 8። ደህና ፋብሪካ የሠራው ከሆነ ከዚህ ልክ የሚያንሰው ቢበዛ በአንድ መቶኛ ሚሊ ገደማ ነው። ይህን የመሰለ ርካሽ ማመሳከሪያ ሌላ ቦታ አታገኙም። ኮፒ ስለማይጠፋ ግን ከምታምኑት መለዋወጫ ሱቅ ግዙት። ደግሞ ውፍረቱን አትለኩበት። ውፍረት ላይ ፋብሪካዎቹም ያን ያህል አይጨነቁም።

ያገለገለ ካሊፐር (ባለ መንጋጋ መለኪያ) ሲያሳዩዋችሁ በትልቁ መንጋጋ 47ቱን፣ በላይኛው ቀጭን መንጋጋ 20ውን ለኩ። ውጪውን በትክክል አንብቦ ቀዳዳው ላይ 20.15 ካላችሁ ላይኛው መንጋጋ ተበልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ መንጋጋውን ግጠሙና ወደ ሰማይ አንሡት። ጫፉ ላይ ብርሃን ካለፈ ብዙ ሰው ብረት ማስመሪያ አድርጎታል። መልሱለት።

እኔ ይህን ከመልመዴ በፊት ተበልቻለሁ። ከአንድ ሱቅ ሚቱቶዮ የሚል የተጻፈበት ዲጂታል ካሊፐር ገዛሁ። ሳጥኑ ሳይቀር ያምራል። ቤት ገብቼ አንድ ዘንግ ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስት መልስ ሰጠኝ። ባትሪ ደግሞ እንደ ሻይ ነው የሚጠጣው። ሚቱቶዮ በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው የመለኪያ ስሞች አንዱ ስለሆነ ስሙን ብቻ አይታችሁ ብር አታውጡ። ያገለገለ ከሆነ ባትሪ የሌለውን፣ መስመር የሚነበበውን እመርጣለሁ። ለዓይን ትንሽ ያስቸግራል፤ ግን ሲበላሽ በግልጽ ይታያል።

ወደ ቦታው ልምጣ። ምናለሽ ተራ ለከባድ ነገር አንደኛ ነው። ሞርሳ፣ መዶሻ፣ ወፍራም ላሜራ፣ የቆየ የእንግሊዝ ብረት። ሞርሳ ስትገዙ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ዝጉት። እጀታው ግማሽ ዙር ባዶውን የሚዞር ከሆነ ጥርሱ አልቋል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከሥር በጥፍራችሁ ፈትሹ። የተሰነጠቀ ሞርሳ በይደው ቀለም ይቀቡታል፤ ጥሬ ብረት (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ) በብየዳ የሚታመን አይደለም። ከዚህ ውጪ ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተሠራ ሞርሳ ዛሬ ከምትገዙት አዲስ ስስ ሞርሳ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለማይክሮሜትር (እየተጠመዘዘ መቶኛ ሚሊ ለሚለካው) ግን ምናለሽ ተራን አልጠቁምም። ቆራሌው ሰብስቦት፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጥሎ የከረመ መለኪያ ስንቴ እንደወደቀ ማን ያውቃል?

ማይክሮሜትር የሚገዛው ከሰው ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ጡረታ የወጡ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) ባለሙያ ካሉ ጎራ በሉ። እኔ ያለኝን ምርጥ ማይክሮሜትር ያገኘሁት እንደዚያ ነው። በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከነመፍቻው ቁጭ ብሏል። «ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?» አልኳቸው። «መጀመሪያ ለካበት ልጄ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ አልሞላም።

ሲለካ እንዲህ ነው። የተለመደው ማይክሮሜትር አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ግማሽ ሚሊ ይሄዳል። ዙሪያው 50 ቦታ ተከፍሏል፤ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊ ናት። ዝጉትና ዜሮ ላይ መምጣቱን እዩ። ዜሮውን በአንድ ሁለት መስመር ቢስት አትደንግጡ፣ በመፍቻው ይስተካከላል። የማይስተካከለው ጥርሱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ አዙሩት። አንድ ቦታ ላላ፣ ሌላ ቦታ ጠበቅ ካለ አይሆንም። በመጨረሻ 608ቱን አስገቡና 22 ማለቱን እዩ። ከ25 እስከ 50 ሚሊ የሚለካውን የምትገዙ ከሆነ 25 ሚሊ ማስተካከያ ዘንጉን ጠይቁ። እሱ ከጠፋ ዜሮውን የምታረጋግጡበት የለም።

ኢንተርኔት ላይ፣ ጂጂ የሚባለው መገበያያና ቴሌግራም ላይ ጥሩ ዕቃ ይወጣል። ፎቶው ግን ሁልጊዜ ከሩቅ ነው። ሻጩን «መንጋጋውን ገጥመህ ብርሃን ላይ አንሣልኝ» በሉት። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ቀብድ የሚባል ነገር አትላኩ፤ ዕቃውን እጃችሁ ላይ አይታችሁ ነው።

ጨረታም አለ። ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረታቸውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ያወጣሉ። ችግሩ በጅምላ መሸጣቸው ነው። አንድ ማይክሮሜትር ፈልጋችሁ ሙሉ ክፍል ብረት ልትረከቡ ትችላላችሁ። ሲፒኦም ያስፈልጋል። ሦስት አራት ሆናችሁ ካልገባችሁ ለቤት ወርክሾፕ አይመከርም።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ስታሬት ከ1880 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ መለኪያ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ያገለገለው እዚያ እንደ ልብ ነው። ግን «ማይክሮሜትር ላኪልኝ» ብቻ ካላችኋት በኢንች የሚለካ ነው የሚመጣላችሁ። አንዷ መስመር 0.0254 ሚሊ ትሆንና ዕድሜ ልካችሁን ካልኩሌተር ይዛችሁ ትሠራላችሁ። «ሚሊሜትር» የሚለውን በጽሑፍ ላኩላት። ጀርመን ካለ ሰው ይህ ጣጣ የለም። ሻንጣ ውስጥ ይሁን እንጂ በእጅ ይዞት አይግባ፤ ፍተሻ ላይ ያጨቃጭቃል።

ፑንታና ሞረድ አሮጌ አትግዙ። የሚቆርጥ ነገር አዲስ ይሻላል፣ አለቀ።

ሥራችሁ ለደንበኛ ከሆነና ማረጋገጫ ወረቀት ከተጠየቃችሁ መለኪያችሁን ወደ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወስዳችሁ ማስፈተሽ ይቻላል። ለቤት ሥራ ኩሽኔታዬ ይበቃል።

ትንሽ ቶርኖ የምትፈልጉ ካላችሁ ሁለት ነገር ብቻ። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ቤታችሁ ያለው ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት አያስነሣውም፤ ወደ ሦስት ፌዝ የሚቀይረውን የኢንቨርተሩን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩ። ሁለተኛ፣ ተንሸራታቹን ክፍል ሥራ ወደሚይዘው ጫፍ አስጠግታችሁ ትንሽ አጥብቁትና ወደ ሌላኛው ጫፍ ግፉት። መሐል ላይ ከተቀረቀረ ሐዲዱ ብዙ የተሠራበት ቦታ ላይ ተበልቷል። ሻጩ «ዘይት ስላጣ ነው» ይላችኋል። ራሳችሁ ዘይት ቀቡትና እንደገና ግፉት።